የጣሪያው ጎማ ሳይቀየር ቀለም አይቀባ

በአውቶሞቲቭ ትምህርት ክፍላችን ስለ ሞተር ያልተጻፈ ነገር የለም። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው የበሩ አናት ጣሪያውን በሚነካበት ቦታ ስላለችው ጥቁር ጎማ ነው። “ይቺም ርዕስ ሆነች?” የምትሉ አትጠፉም።

አጎቴ ላዳ አላቸው። ታክሲ ሠርተውበት ልጆቻቸውን ያስተማሩበት መኪና ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከራሳቸው በላይ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረና ጋራዥ ወሰዱት። እዚያ ያረጀው ጎማ ላይ ሲልከን ለቀለቁበት፤ መኪናውም ሙሉ ቀለም ተቀባ። ሲወጣ አዲስ መስሎ ስለነበር አጎቴ ደስ ብሏቸው ምሳ ጋበዙን። በቀጣዩ ክረምት ምንጣፉን ሳነሳ ግን ጣቴ ወለሉን በስቶ ወጣ። ላሜራው አልቋል! ለቀለም ከወጣው በላይ ለብየዳ ወጣ፤ እሳቸውም ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጡ።

የበር ጎማ ሥራው በሩ ሲዘጋ መጨፍለቅ፣ ሲከፈት ደግሞ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ጎማ ታደርቃለች። አንዴ ደርቆ ከተጋደመ ሲልከን አያስነሳውም። ውሃው ከጣሪያው ጨርቅ ጀርባ ገብቶ፣ በበሩ ቋሚ ወርዶ፣ ምንጣፍ ሥር ይተኛል። ራሳችን ላይ የምትወድቀው ጠብታ ትንሿ ናት። ደግሞ ያ ሲልከን ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ነበር። ሽታው የአሴቲክ አሲድ ነው፤ ባዶ ብረት ሲያገኝ ዝገት ያፋጥናል። ሲልከን በነካው ቦታ ላይ ቀለምም አይዝም።

በበኩሌ ጋራዦችን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ደንበኛው የሚታየው ቀለሙ ነው። እኛም ተማሪዎቹ ብንሆን ስለ ጎማ ስንት ሰዓት ተማርን?

“ዕቃው የለም” የሚባለውም ግማሹ ሰበብ ነው። ከአሮጌው ጎማ ቁራጭ ይዞ ሄዶ፣ ቅርጹና ውፍረቱ የሚመሳሰል በሜትር መግዛት ይቻላል። ከተፈታ መኪና የወጣ ግን አልመክርም፤ እሱም እንደኛው የተጋደመ ነው።

የአጎቴን የቀየርነው ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነው። ሲልከኑን መፋቅ ብቻ ቀን ሙሉ ፈጀብን። ዝገቱን አጽድተን አንቲራስት ቀባን። መጋጠሚያው ከላይ ከሆነ ውሃ ስለሚያስገባ ከበሩ ግርጌ ጀመርን። የመጀመሪያውን በር አበላሽተነዋል፤ ጥግ ላይ ጎማውን ስበን አስገባነው፣ በማግሥቱ ተሰብስቦ ክፍተት ፈጠረ። ጥግ ላይ መግፋት እንጂ መሳብ አይገባም። በመጨረሻ ወረቀት በሩ ላይ ዘግተን እየጎተትን ዙሪያውን ፈተሽን፤ ወረቀቱ በቀላሉ ከወጣ እዚያ ጋ ያስገባል። ጎማ በናፍጣ የሚወለውሉ ሾፌሮችም ቢተዉ ጥሩ ነው፤ ያብጥና ይበላሻል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ እንደ አጎቴ ላሉ ሰዎች ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ክረምት ይጠብቃታል። ቀለም የሚቀባ ጋራዥ መጀመሪያ ጎማውን ይይ፤ ደንበኛው ገንዘብ ካነሰው ቀለሙ ይቆይለት።

አጎቴ በሩ ለመዝጋት ጠነከረብኝ ብለው እስካሁን ያጉረመርማሉ። በ2017 ሐምሌ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ባደረበት ጠዋት፣ ምንጣፉን አንስቼ ወለሉን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነበር።