ዩኒቨርሲቲ የገዥ ፓርቲ ቅርንጫፍ አይደለም

ከእንጦጦ ማርያም ተነስቶ በሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ስድስት ኪሎ ሲደርስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢ ያገኛል። ግቢው ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚሁ ነው። ፋሽስቱ በቀሉን ሲወጣ የተማሩ ወጣቶችን እየለየ ፈጀ፤ ሕዝብን ለማንበርከክ አስቀድሞ የሚያስብለትን ሰው ማጥፋት እንደሚበጅ ያውቅ ነበርና።

ወራሪ ይህን ቢያደርግ አይደንቅም። የሚያሳዝነው የራሳችን መንግሥታት በዚያው ግቢ ላይ ተራ በተራ እጃቸውን ማንሳታቸው ነው። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግሥቱ ወታደሮች ግቢው ገብተው በተማሪዎች ላይ ተኮሱ። ደርግ በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ሙሉ ትውልድ ቀጠፈ።

ኢሕአዴግም ከዚህ አልተማረም። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የተመድ ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ሰልፍ በወጡ ተማሪዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ከእነርሱ አንዱ የሕክምና ፋኩልቲው ዲን የነበሩት ስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። በሽተኛ የሚያድኑ፣ ሐኪም የሚያፈሩ እጆች ከሥራ ተነጠሉ፤ ኋላም ታሰሩ። ፕሮፌሰሩ በ1991 ዓ.ም. በስደት አገር አረፉ።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪዎች የጠየቁት ምን ነበር? ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ፣ ማኅበራችንና ጋዜጣችን ይመለስልን የሚል ብቻ ነበር። መልሱ ዱላ ሆነ፤ ረብሻው ወደ ከተማው ተዛምቶ ከ30 የማያንሱ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት ለተማሪዎች የተናገሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ታሰሩ። በ1995 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት ተቃውመው ከሥልጣን ለቀቁ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት ደግሞ ተማሪዎች ከግቢው እየታፈሱ ተወሰዱ።

ውድ መራጮች፣ ሦስት ሥርዓት ተለዋውጦ በደሉ አንድ ዓይነት የሆነው ለምንድን ነው? እኛ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የገዥው ስም እንጂ የሥልጣኑ መዋቅር አልተለወጠም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። የ2001 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም የአካዳሚክ ነፃነትን በቃል አውቋል። ነገር ግን በዚያው አዋጅ የዩኒቨርሲቲውን ቦርድ የሚሾመው፣ ቦርዱ ካቀረባቸው ዕጩዎችም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ሚኒስቴሩ ነበር። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው እጅ ተወሰደ ማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ስሙን አንጠላም፤ እርምጃውንም አንንቅም። ይሁን እንጂ ራስ ገዝነት ማለት ዩኒቨርሲቲው የራሱን ገንዘብ ይፈልግ ማለት ብቻ ከሆነ ነፃነት ሳይሆን ሸክም ማውረድ ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፦ መሪውን ማን ይሾማል? መምህሩን ማን ያባርራል? የግቢውን በር ለታጣቂ ማን ይከፍታል?

«ይህ የምሁራን ጉዳይ ነው፤ እኛ የዳቦና የቤት ኪራይ ነገር አስጨንቆናል» የሚል ወገን እንዳለ እናውቃለን። ነገሩ ግን ከቤታችሁ የራቀ አይደለም። የዋጋ ንረቱን ያለ ፍርሃት የሚያጠና የኢኮኖሚ መምህር ከሌለ እናንተ የምትሰሙት ሹሙ የወደደውን ቁጥር ብቻ ነው። የውኃችሁን ንጽሕና የሚመረምር ተመራማሪ ውጤቱን ለመናገር ከፈራ በሽታው የሚገባው ከልጆቻችሁ ቤት ነው። ነገ የሚፈርድላችሁ ዳኛ ዛሬ ሕግ የሚማረው ከፈሪ መምህር ከሆነ ፍርዱም ፈሪ ይሆናል። በሽሮ ሜዳ ሸማ ሸምኖ ልጁን የሚያስተምር አባት ዲግሪ ብቻ አይደለም የሚገዛው፤ የሚያስብ ልጅ ነው የሚፈልገው።

ሌላው መከራከሪያ «በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ተቋም ለመንግሥት ተጠሪ መሆን አለበት» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሒሳቡን በዋናው ኦዲተር ማስመርመር አለበት። ነገር ግን ሒሳብ መጠየቅና ሐሳብ ማዘዝ የተለያዩ ናቸው። ፍርድ ቤትም ደመወዙ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ነው፤ ሚኒስትር ፍርድ ይጻፍለት የሚል ግን የለም።

ስለዚህ ፓርቲያችን ከተመረጠ የሚከተሉትን በሕግ ያጸናል፦

1. ፕሬዚዳንቶች በግልጽ ውድድር፣ በሴኔት ምርጫ ይሰየማሉ፤ በሥልጣን ላይ ሳሉ የማንኛውም ፓርቲ አባል አይሆኑም።

2. መምህር ያለ ጽሑፍ ክስ፣ ሳይሰማና በፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብቱ ሳይጠበቅ አይባረርም።

3. ፖሊስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በዩኒቨርሲቲው ጥሪ ካልሆነ በቀር ግቢ አይገባም።

4. የተማሪዎች ማኅበርና ጋዜጣ ያለ ቅድመ ፈቃድ ይቋቋማሉ።

5. በጀቱ በፓርላማ በጥቅል ይመደባል፤ ለቅጣትና ለማባበያ አይውልም።

እነዚህ ሕጎች ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስሩት እኛን ነው። ነገ እኛን የሚተች መምህር ይነሣል፤ ይነሣም ዘንድ እንወዳለን። ያን ቀን ቃላችንን ብንበላ ይህችን ገጽ አውጥታችሁ ትሞግቱን ዘንድ በእጃችሁ አኑሯት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን እውነትን የሚናገረው መምህር በወንበሩ ላይ መቆየት አለበት። ይህን የሚወስነው ድምፃችሁ ነው።