ልጃገረዶችን ከብስክሌት የሚያወርዳቸው ምንድን ነው?

ሴት ልጅ በስምንትና በዘጠኝ ዓመቷ ብስክሌት ስትነዳ የሚቆጣት ሰው ጥቂት ነው። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ሲሞላት ግን ወንድሟ እየነዳ ይቀጥላል፤ እሷ ትወርዳለች። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አደገች፤ ፍላጎቷ ተለወጠ» የሚል ነው። ይህ መልስ ቤተሰብንም፣ ትምህርት ቤትንም፣ የከተማ አስተዳደርንም ከተጠያቂነት ስለሚያድን ይመቻል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። ልጃገረዶች ከብስክሌት የሚወርዱት ቤቱም፣ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም «ውረጂ» ስለሚሏቸው ነው።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች ከ146 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ መርምረው፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች መካከል በቀን የአንድ ሰዓት የአካል እንቅስቃሴ የማያደርጉት ከወንዶቹ 78 በመቶ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 85 በመቶ መሆናቸውን አሳውቀዋል። ልዩነቱን ከተፈጥሮ የመጣ ነው ለሚል ሰው ኔዘርላንድስ ጥሩ መልስ አላት። እዚያ ከብስክሌት ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሴቶች ናቸው፤ በአሜሪካና በብሪታንያ ግን የሴቶች ድርሻ ከሲሶ በታች ሆኖ ቆይቷል። እዚያም ቢሆን መንገዱ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፦ እ.ኤ.አ. በ1971 በኔዘርላንድስ መንገዶች ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞተው ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጥተው ጮኹ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ከመኪና የተለየ የብስክሌት መስመር በየከተማው ተዘረጋ። የኔዘርላንድስ ልጃገረድ ተፈጥሮዋ ከሌላው የተለየ አይደለም፤ የተለየው መንገዷ ነው።

ወደ እኛ ከተሞች ስንመጣ የሚያወርዷት ነገሮች ይበዛሉ። ብስክሌት የሌለው ልጅ በሰዓት እየተከራየ ይለምዳል፤ ለኪራይ ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ የኪስ ገንዘብና ባዶ ሰዓት። ከትምህርት ቤት መልስ ወንዱ ልጅ ሜዳ ሲወጣ እሷን የሚጠብቃት ውኃ መቅዳት፣ ወጥ መሥራትና ታናናሾቿን መያዝ ነው። ጊዜ ብታገኝም ከኮርቻው ወደ መሪው የተዘረጋው አግዳሚ ብረት ቀሚስ ለለበሰች ተማሪ አይመችም፤ የደንብ ልብሷ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀሚስ ነው። ይህን ሁሉ አልፋ መንገድ ስትወጣ ለከፋ ይቀበላታል። ሰውነቷ መለወጥ በጀመረበትና ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ያረፈ በሚመስላት ዕድሜ፣ በየማዕዘኑ የሚወረወርባትን ቃል ችላ እንድትነዳ መጠበቅ ከአንዲት ልጅ ከአቅም በላይ መጠየቅ ነው።

እንቅፋቱ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ሕንድ አሳይታለች። የቢሃር ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለደረሱ ሴት ተማሪዎች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው የልጃገረዶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተሳትፎ በ32 በመቶ አደገ፤ ከወንዶች ጋር የነበረው ልዩነትም በ40 በመቶ ጠበበ። ቢሃር የሴት ልጅ ነጻነት በሰፊው የተከበረበት ግዛት አልነበረም። ሆኖም በአንድ ጊዜ ብዙ ልጃገረዶች መንገድ ላይ ሲወጡ፣ አንዷን ብቻ ለይቶ ማፍጠጥና ማሸማቀቅ ከባድ ይሆናል። በዛምቢያ ገጠርም ብስክሌት የተሰጣቸው ተማሪዎች የመንገድ ጊዜያቸው በሲሶ ገደማ ሲያጥር፣ ከትምህርት ገበታ መቅረታቸውም በ28 በመቶ ቀንሷል።

ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አንዳንድ ወላጅ ብስክሌት መንዳት የልጁን ክብረ ንጽህና ያሳጣታል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም መሠረት የለውም፤ ድንግልና በአካል ምርመራ ሊረጋገጥ እንደማይችል የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ አስታውቀዋል። ባህላችን አይደለም ለሚለው ደግሞ ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክላ በብስክሌት መወዳደሯን ማስታወስ ይበቃል። ከሁሉም የሚከብደው የአደጋ ስጋት ነው፤ እውነትም አለው። ነገር ግን በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ልጅቱን ከብስክሌት ማውረድ ወደዚያው መንገድ በእግሯ መልሶ መላክ ነው። መንገዱ ከገደለ መስተካከል ያለበት መንገዱ ነው። ድህነት እያለ ብስክሌት ቅንጦት ነው የሚልም ይኖራል፤ ለታክሲ የሚከፈል ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ ግን ነዳጅ የማይጠይቅ መጓጓዣ ቁጠባ እንጂ ቅንጦት አይሆንም።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ከኮሪደር ልማቱ ጋር እየተሠሩ ያሉት የብስክሌት መስመሮች ትምህርት ቤቶችን ከመኖሪያ ሰፈሮች ጋር ሊያገናኙ ይገባል። ትምህርት ቤቶች ሴት ተማሪዎች ሱሪ እንዲለብሱ ይፍቀዱ፤ የብስክሌት ማቆሚያና በቡድን የሚለማመዱበት ሰዓት ያዘጋጁ። ፖሊስ ለከፋን እንደ ቀልድ ማየቱን ያቁም። እናትና አባት ደግሞ የቤቱን ሥራ ለወንድ ልጃቸውም ያካፍሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ልጅቱ ብስክሌት አልፈልግም ካለች ምርጫዋ ነውና ይከበርላት። እስካሁን ግን መርጣ ለመተው የሚያስችል ዕድል ሰጥተናታል ለማለት አንችልም።