ሞተሩ ሲጮህ ከኪሳችን በፊት ጆሯችንን እንክፈት

ባለፈው እትማችን ስለ ከሰል ምድጃ አያያዝ መነጋገራችን ይታወሳል። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ስትጠይቁን ወደቆያችሁት ወደ ቦዳ ቦዳው እንለፍ።

እዚህ ካኩማ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከካኩማ 1 እስከ ካኩማ 4፣ አልፎም እስከ ካሎቤዬ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። የስንቱ ቤት እራትም ከእሱ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ያረጀ ሞተር ሳይክል ድምፁ ሲለወጥ የሚደነግጠው ነጂው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው።

ድንጋጤው ግን ሁለት ዓይነት ኪሳራ ያመጣል። አንዱ ለትንሽ ድምፅ ብሎ ሞተሩን ማስፈታት ነው። ሌላው ደግሞ አደገኛውን ድምፅ «እስኪ ዛሬን ልሥራበት» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለቱን ለመለየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

1ኛ. ከሁሉ በፊት ዘይት

አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች የሚይዙት ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ያረጀ ሞተር ደግሞ ዘይት ይበላል። ትንሽ ሲጎድል ብረት ከብረት ይፋተግና ይጮኻል። ሞተር ሳይክሉን በመሐል ማቆሚያው ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገን፣ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስተን፣ አጥፍተን፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቀን እንለካ። ከጎደለ እንሙላ፣ ጠቁሮ ከቀጠነ እንቀይር። የሞተር ሳይክል ዘይት መሆን አለበት። በአብዛኞቹ ፍሪሲዮኑም እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ አንዳንድ የመኪና ዘይት እንዲንሸራተት ያደርገዋል። ከሌላ ሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት መጨመርማ ጭራሽ አይታሰብም።

2ኛ. ከየት? መቼ?

ዘይቱ ልክ ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ ቦታውን እንፈልግ። ማርሹን ነፃ አድርገን በሚኒሞ እናስነሳው። የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯችን ሥር ካለው አጥንት ላይ እናሳርፍ። ልክ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ማለት ነው። ከላይ ቴስታታው ላይ፣ ከመሐል ሲሊንደሩ ላይ፣ ከታች ደግሞ ሞተሩ ሆድ ላይ እያዛወርን እናዳምጥ። ከሚዞር ነገርና ከጋለ ማርሚታ ግን እንራቅ። ልጆችም አጠገብ አይቁሙ።

ቀጥሎ ጊዜውን እንለይ። ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ባዶውን ነው ሰው ሲጫን? ፍሪሲዮን ስንይዝ ድምፁ ከተለወጠ ችግሩ ወደ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ያደላል። ሞተሩን አጥፍተን ስንገፋው ድምፁ ካለ ደግሞ ጥፋተኛው ሞተሩ አይደለም። ካቴናውን፣ የጎማውን ኩሽኔታና ፍሬኑን እንይ። የካቴናው ልልነት በብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ይህን ማስተካከል ቁልፍ እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

3ኛ. ርካሾቹ ድምፆች

ከላይ ከቴስታታው «ጠክ ጠክ» የሚል ቀጭንና የማያቋርጥ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ልልነት ነው። መድኃኒቱ ሬጅስትሮ ማድረግ ነው። ይህ የሚሠራው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሌሊቱን አሳድሮ ጠዋት መሥራት ይሻላል። በብዙዎቹ ላይ በጎን ሽፋኑ በኩል የሚታየውን የ«ቲ» ምልክት ከመስመሩ ጋር እናገጥማለን። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ቫልቮች ላላ ብለው በጣት መነቃነቅ አለባቸው። ካልተነቃነቁ ሞተሩን አንድ ዙር ጨምረን እናዙር። ክፍተቱ የሚለካው በስስ የብረት ቅጠል ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የአንድ ጠጉር ውፍረት በሉት። ትክክለኛውን ቁጥር ከሞተር ሳይክሉ መጽሐፍ ወይም ያንን ዓይነት ከሚያውቅ ፈንዲ እንጠይቅ። ቅጠሉ ትንሽ እየያዘ መንሸራተት አለበት። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ እንደገና እንለካ፤ ሲጠብቅ ልኩን ያዛባልና።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ድምፁ ጭራሽ ይጥፋ ብለን አብዝተን ብናጠብቀው ቫልቩ አይዘጋም፤ ይቃጠላል። በመጠኑ የሚሰማ ቫልቭ ዝም ካለ ቫልቭ ይሻላል።

«ፍጭ ፍጭ» እያለ ጋዝ የሚሰጥ፣ ነዳጅ ስንሰጠው የሚብስ ድምፅ ደግሞ ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያው አካባቢ ጥቁር ጥላሸት ካየን ምስክሩ እሱ ነው። አንድ የሠፈራችን ወጣት «ሞተሩ መከፈት አለበት» ተብሎ የእናቱን የዕቁብ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል፣ የጎረቤቱ አባት ጥላሸቱን አሳዩት። ሁለት ዳዶ ላልቶ፣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ነበር። ቀለበቷ ተቀየረች፣ ዳዶው ጠበቀ፣ ዕቁቡም ተረፈ።

ዳገት ላይ ወይም ሁለት ሰው ጭኖ «ቅጭ ቅጭ» ማለት፣ ሳንቲም በጣሳ ሲናጥ እንደሚሰማው፣ ነዳጁን ያስጠረጥራል። በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ላምባ ሊቀላቀልበት ይችላል። ነዳጅ ከማደያ እንቅዳ፣ ካንዴላው ለሞተሩ የተመደበው መሆኑን እንይ፣ ዳገቱንም በከባድ ማርሽ ከማስጨነቅ ወደ ቀላሉ እንቀይር።

4ኛ. ለነገ የማይባሉት

ከጎን በኩል ሰንሰለት እንደሚጎተት «ክርክር» የሚል፣ በተለይ ነዳጅ ስንለቅ የሚሰማ ድምፅ የውስጠኛው ካቴና ሊሆን ይችላል። ማወጠሪያው ቶሎ ካልታየ ካቴናው ጥርስ ይዘልልና ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል።

ጠዋት ሲቀዘቅዝ የሚያንኳኳና ሲሞቅ የሚቀንስ ከሆነ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተበልተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ጊዜ ይሠራ ይሆናል፤ ሰማያዊ ጭስ ከጨመረ ግን ገንዘብ ማጠራቀም እንጀምር። ለዚህ በሽታ ዋናው ምክንያት አቧራ ነው። የካኩማ አቧራ ደግሞ ለማንም አይነገርም! የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በውኃ አጥበን፣ በደንብ አድርቀን፣ ዘይት ነክተን እንመልሰው። የወረቀት ከሆነ አራግፈን፣ ሲቆሽሽ እንቀይረው። ያለ ማጣሪያ አንንዳ።

ከታች ከሞተሩ ሆድ ጭነት ሲበዛ «ዱክ ዱክ» የሚል ከባድ ድምፅ ከመጣ ግን እዚያው እናጥፋ። የቢየላው ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ይህ ከተሰበረ ሞተሩን በሙሉ ይዞት ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ጎማ ሊቆልፍና ተሳፋሪ ሊጥልም ይችላል። እየገፋን ወደ ቤት እንመለስ። የአንድ ቀን ገቢ ከሰው ነፍስ አይበልጥም።

5ኛ. ፈንዲ ዘንድ ስንሄድ

«ይጮኻል» ብቻ አንበል። «ከላይ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ዘይቱ ሙሉ ነው» እንበል። ምን እንደሚፈታና ስንት እንደሚያስከፍል ሳይጀምር እንስማማ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃም እንቀበል። የቫልቭ መለኪያውን እያንዳንዳችን መግዛት አይጠበቅብንም። አምስት ስድስት ነጂዎች አዋጥተው አንድ ቢገዙ ለዓመታት ያገለግላቸዋል።

አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለሰው ብቻ አይደለም። ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ሁለት ደቂቃ ለዘይቱ፣ ሁለት ደቂቃ ለጆሯችን እንስጥ።

በሚቀጥለው እትም ስለ ፍሬን እንነጋገራለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!