ከመፈረም በፊት የቃሉ ዕዳ ይታወቅ

ብዙ ወጣቶች የንግድ እንግሊዝኛን የሚማሩት ከቃላት ዝርዝር ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው ይጻፋል፤ ከዚያ ሸምድዶ መፈተን ነው። ይህ አካሄድ መለወጥ አለበት እላለሁ። የንግድ ቃል ገንዘብ፣ ኃላፊነትና ቀነ ገደብ ያስከትላል። እነዚህን ያልለየ ሰው ቃሉን ያውቀዋል አይባልም።

ላኪዎቻችን በየዕለቱ የሚጠሩትን ኤፍኦቢን እንውሰድ። አንድ ላኪ ቡናውን «ኤፍኦቢ ጅቡቲ» ብሎ ከሸጠ፣ ጭነቱ መርከብ ላይ እስኪወጣ ድረስ ወጪውም ስጋቱም የእሱ ነው። መኪናው አዋሽ ላይ ቢገለበጥ ገዢውን የሚጠይቅበት መንገድ የለም። «ሲአይኤፍ ሐምቡርግ» ብሎ ከተዋዋለ ደግሞ የመርከብ ኪራዩንና መድኑንም ይከፍላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ እስከ ሐምቡርግ ስለከፈለ ብቻ ዕቃው ባሕር ላይ ቢጎዳ ተጠያቂ የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም፤ ዕቃው ጅቡቲ ላይ መርከብ ውስጥ ሲገባ ስጋቱ ወደ ገዢው ይዞራል። የቃላቱን ትርጉም የሚደነግገው ፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው። ደንቡን መጀመሪያ ያወጣው በ1936 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት የ2020 እትም ነው።

ኤልሲም፣ ማለትም ባንክ ተገቢው ሰነድ ሲቀርብለት ለሻጩ ለመክፈል የሚገባው ዋስትና፣ እንደዚሁ ነው። ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ቡናውን አይደለም። ቡናው አንደኛ ደረጃ ቢሆንም፣ ኢንቮይሱ ላይ የሰፈረው የዕቃ ዓይነት ከኤልሲው ጋር ካልገጠመ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ኤልሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር የጭነት ሰነዱ ዕቃው በተጫነ በ21 ቀናት ውስጥ ባንክ መድረስ አለበት።

«ይህን ዕቃ አስተላላፊው (ትራንዚተሩ) ያውቀዋል» የሚሉ አሉ። ያውቀዋል፤ ነገር ግን እሱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ተመርቆ ወጥቶ የጭነት ሰነድ ማንበብ ካቃተው፣ ጉድለቱ የእኛ የአስተማሪዎቹም ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። መምህሩ የድርጅቶቹን ስም ሸፍኖ እውነተኛ ውልና ኢንቮይስ ክፍል ውስጥ ያቅርብ። ተማሪው በእያንዳንዱ ቃል ላይ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ማን ይከፍላል? ጉዳት ቢደርስ በማን ላይ ነው? እስከ መቼ? መልሱን በራሱ አማርኛ ይጻፈው። በዚህ መንገድ የተማራት አንዲት ቃል ከተሸመደደ ገጽ ሙሉ ዝርዝር ትበልጣለች።

አሠሪዎችም አዲስ ሠራተኛ ሲጠይቅ አታሸማቅቁት። እናንተም ወጣቶች፣ ያልገባችሁ ቃል ካለ ብዕሩን አስቀምጡና ጠይቁ። ከፈረማችሁ በኋላ «አልገባኝም ነበር» ማለት ከዕዳ አያድንም።