የጃናሞራ ልጆች፣ የመምህሩን ቤት እንሥራ

ጃናሞራ ስትነሣ ደረስጌ ማርያም አብራ ትነሣለች፤ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት ናትና። ይገባታል። ከዚያው ወረዳ ወጥተን በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ የተበተንነውን፣ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ዳኛ ያሰኘንን መምህር ግን ማን ያነሣዋል?

መምህሩ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሂትን ብርድ ተሻግሮ ነው የመጣልን። ከገበሬ ቤት አንድ ጥግ ተከራየ፤ ከግድግዳው ወዲያ በሬ ያመሰኳል። ልጅ ሲቀርበት ደግሞ ማታ ዳገቱን ወጥቶ አባትየውን ደጅ ይጠናል፦ «አባባ፣ ልጁን ይስጡኝ። ከብቱን ከጎረቤት ጋር ተራ ገብታችሁ ጠብቁት።» እምቢ ቢሉት በማግስቱ ይመለሳል። ያ ልጅ ከመካከላችን አለ።

መምህሩ ከልጁ ወገን ሲሆን ደግሞ ልጁ ይበልጥ ይበረታል። በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት እስከ ሦስተኛ ክፍል አንድ ጥቁር መምህር ያገኘ ጥቁር ተማሪ ኮሌጅ የመግባት ዕድሉ በ13 በመቶ፣ ሁለት ያገኘው ደግሞ በ32 በመቶ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ልጁ እሱን የሚመስል ሰው ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ማየቱ ልቡን ያነሣሣዋል። እኛ ዘንድ ቆዳ አይለየንም፤ ቀዬ ግን ይለየናል። ገብስ አጭዳ ያደገች የጃናሞራ ልጅ መምህርት ሆና ስትመለስ፣ በግ የምትጠብቀዋ ታናሽ «እኔስ?» ማለቷ አይቀርም።

ዛሬ ግን የመምህሩ ልፋት ሁሉ እየተናደ ነው። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ጃናሞራን ክፉኛ መታት፤ በክልላችን በተነሣው ግጭትም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። የመምህሩን ቤት እንሥራ ስንል «መንግሥት ያድርገው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ደመወዙ የመንግሥት ዕዳ ነው። ሆኖም የቆሎ ተማሪን በየደጃፉ ቁራሽ እየሰጠ ለሊቅነት ያበቃ ሕዝብ ለመምህሩ ማደሪያ አያጣም።

እንግዲህ እንነሣ! በየከተማው ያላችሁ እድሮችና ማኅበሮች፣ አንዳንድ ትምህርት ቤት ተካፈሉና ቆርቆሮ የለበሰ የመምህራን ቤት እናቁም። ገንዘብ የሌለው ድንጋይ ያቅርብ፣ እጁ ግንብ የለመደ ይገንባ፤ ደቦ ለእኛ አዲስ አይደለም። ነጋዴዎች፣ የአንዲትን ልጅ ኪራይና ቀለብ ቻሉና መምህርት ትሁን፤ ተመርቃ እንድትመለስም ቃሏን ተቀበሉ። ካህናትና ሽማግሌዎች፣ ነፍጥ የያዘ ሁሉ፣ የማንም ወገን ይሁን፣ ከትምህርት ቤት ግቢ እንዲርቅ ለምኑ፤ ካልሰማም ገዝቱ።

ኮሚቴ ስታቋቁሙ ሰብሳቢ ፍለጋ ባለሀብት ጋ አትሂዱ። ፊደል ያስቆጠሯችሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ መምህር ካሉ ዛሬውኑ ደውሉላቸው፤ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀድም እሳቸው ይንገሯችሁ።