መጋረጃው ለማን ነው?

እኔና እህቴ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ስንገባ ያለንን ብር የሳሎን መጋረጃ ላይ ጨረስነው። እንግዳ ያየዋላ! ለመኝታ ቤቱ የተረፈችው አንዲት ስስ ነጭ መጋረጃ ነበረች። ቀን ቀን ከውጭ ምንም ስለማታሳይ አምነናት ከረምን።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ከግቢው ቀና ብዬ አየሁ። እህቴ መብራት አብርታ ፀጉሯን ስታበጥር ልክ እንደ ቴሌቪዥን ትታያለች። ፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ ደግሞ ሙሉ መስኮት ነው። ክው አልኩ።

ለካ ስስ ጨርቅ የሚከልለው ብርሃን በበዛበት በኩል የቆመን ሰው ዓይን ነው። ቀን ውጭው ይበራል፤ ማታ ግን የሚበራው የእኛ ክፍል ነው።

ስለዚህ ብር ካጠራችሁ ከሳሎኑ ቀንሱ እንጂ ከመኝታ ቤቱ አትቀንሱ ባይ ነኝ። ወፈር ያለ፣ ገበር ያለው ጨርቅ ምረጡ፤ የውጭ መብራትም እንቅልፍ አይነሳችሁም። ስፋቱ የመስኮቱን እጥፍ ያህል ይሁን፤ ዘንጉም ግራና ቀኝ ስንዝር ይለፍ። ከዚያ ማታ መብራቱን አብርታችሁ ውረዱና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መልሱን ታገኛላችሁ።

እንግዳ የሚመጣው አንዳንዴ ነው። እኛ ግን በየማታው ልብስ እንቀይራለን።