እጇን ታጠበች፤ እበቱስ?

አንድ ጓደኛችን ሰሞኑን ሆዱን አመመውና ክሊኒክ ሄደ። ደም ሰጠ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ውጤቱን ያዘ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ»። ከመካከላችን ይህን ወረቀት ተቀብሎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ! ዊዳል የሚባለው ይህ የደም ምርመራ ድሮ የያዘንን ከአሁኑ፣ ታይፎይድንም ከዘመዶቹ ለመለየት እንደሚቸገር ሐኪሞቹ ራሳቸው ያውቃሉ። እኛ ግን መድኃኒታችንን ውጠን ወደ ሥራችን። «ከየት መጣብኝ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ዛሬ እንጠይቅ። ለመልሱ ከአዲስ አበባ ወጥተን ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ወደ ቀየት እንሂድ።

ደጋው ብርድ ነው፤ ማገዶ የለም። ስለዚህ ኩበት ይነዳል፤ ኩበቱን በእጇ የምትጠፈጥፈው እናት ናት። ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፣ አውድማው በእበት ይለቀለቃል። ግልገሉና ጥጃው ብርድ እንዳይፈጃቸው፣ ጅብና ሌባም እንዳይወስዳቸው ማታ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ። ዶሮዋ ቆጥ ላይ ናት። በዚህ ሁሉ መሃል ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ የሚድህ ሕፃን አለ። ይህን «ቆሻሻነት» የሚለው ካለ ተሳስቷል። ኑሮ ነው።

ክፋቱ ከብቱ አይታመምም። ካምፒሎባክተር የተባለው ባክቴሪያ ዶሮዋን ምንም ሳያደርጋት አንጀቷ ውስጥ ይኖራል። ሰውን ደም የሚያስቀምጠው የኢ. ኮላይ ዓይነትም ላሟን ሳያሳምም ሆዷ ውስጥ ይራባል። ሳልሞኔላ በደረቀ ኩስ ውስጥ እንኳ ለሳምንታት ይቆያል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሜዳውን እበት ጠርጎ ወደ ምንጩ ያወርዳል፤ ከምንጩ ሰውም ከብትም ይጠጣል፤ ዙሩ ገጠመ ማለት ነው። ልጁን ሲያስቀምጠው «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይባላል። ግግ የሚያስወጣለትም አለ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ብዙ ሠርቷል፤ አንክድም። ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ እጅ ታጠቡ፣ ከብቱን ከሰው ለዩ ይላል። ጥሩ! በየትኛው ውሃ ትታጠብ? ጋጣውን በየትኛው ቆርቆሮ ትሥራ? ምክሩን ሰጥቶ ዕዳውን ለእናትየው ጥሎ መሄድ ቀላል ነው። ልጁ ሲታመም «ነግረናት ነበር» ለማለትም ይመቻል።

ምክር ብቻውን ቀርቶ ሳሙናና ሽንት ቤት ተጨምሮም እንደማይበቃ ታይቷል። በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቤተሰቦች ሽንት ቤት ተሠርቶ፣ ሳሙና ቀርቦ፣ ውሃቸው በክሎሪን ታክሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ውጤቱ ሲወጣ በሦስቱም አገር ይህ ሥራ የሕፃናቱን ቁመት አላሳደገም። በኬንያና በዚምባብዌ ተቅማጡም አልቀነሰም። ተመራማሪዎቹ ከሚጠረጥሯቸው ምክንያቶች አንዱ የእንስሳቱ ኩስ ሳይነካ መቅረቱ ነው። በአገራችንም ሐረማያ ላይ በተሠራና በ2021 በወጣ ጥናት አንድ ዓመት ከሞላቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ላይ ካምፒሎባክተር ተገኝቷል።

መንግሥት ይህን አያውቅም እንዳንል ያውቃል። የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ እናያለን የሚል «የአንድ ጤና» ብሔራዊ ስትራቴጂ ከ2018 እስከ 2022 ነበረው። ወረቀቱ ግን ላም አያስርም፤ ምንጭም አያጥርም።

ስምን የመፍራት አመልም አለብን። እ.ኤ.አ. በ2006 ወረርሽኝ ሲነሳ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ፤ በ2016 አዲስ አበባ ድረስ ሲመጣም «አተት» ነበር። «ኮሌራ» የሚለውን ቃል ከባለሥልጣናት አፍ በይፋ ለመስማት እስከ 2019 ጠበቅን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት አባቶቻችን ይህን አይተው መሆን አለበት። ኮሌራ ሲሆን ስሙ ተደበቀ፤ በየቀኑ የቀየትን ልጅ የሚያቀጭጨው ተቅማጥ ግን የሚደበቅ ስም እንኳ የለውም።

«እና እኛ የከተማ ልጆች ምን አገባን?» ካላችሁ፣ የበዓል በጋችሁ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ወተቱስ? ሳናፈላ የምንጠጣ፣ ጥሬ ሥጋ የምንቆርጥ እኛ ነን። ፋርማሲ ገብተን ያለ ማዘዣ «ሲፕሮ ስጠኝ» የምንልም እኛው ነን። ገበሬው ለላሙ በግምት ቴትራሳይክሊን ይወጋል፤ እኛ ለራሳችን በግምት እንውጣለን፤ መድኃኒት የለመደው ባክቴሪያ መሃል መንገድ ላይ ይገናኛል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ምንጮች ይታጠሩ፤ ለከብት ከታች የራሱ ገንዳ ይሠራለት። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የእንስሳት ባለሙያው አንድ ቤት አብረው ይግቡ፤ አንዱ ስለ ልጁ፣ ሌላው ስለ ጥጃው ብቻ እያወራ አይውጣ። «ከብቱን ለዩ» የሚል ሁሉ የጋጣውን ቆርቆሮ ይዞ ይምጣ፤ ወይም ቢያንስ ብድሩን ያመቻች። ወረርሽኝ ሲነሳ ደግሞ በስሙ ይጠራ።

እኛም ወተታችንን እናፍላ፣ ሲፕሮውን ለሐኪም እንተው። ሁለቱም ዛሬ ማታ የሚጀመሩ ናቸው። የቀየቷ እናት ግን እጇን ታጥባ ጨርሳለች፤ አሁን ተራው የእሷ አይደለም።